በሳምንት 40 ጨረታ፦ የጨረታ ማስተዳደሪያ አገልግሎት ያዋጣል ወይ? ሲገባበትስ ምን ይበላሻል?

ካሜራው_ሰው

ሰላም ለቤቱ። ያገለገሉ ሌንሶችና የፊልም ካሜራዎች በኦንላይን ጨረታ እሸጣለሁ። አብዛኛው ኢቤይ ላይ ነው፤ የተወሰነው ሌላ አነስ ያለ የጨረታ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። እንደ ክዳን፣ ማሰሪያና ፊልተር ያሉ በብዛት የሚገኙ ትንንሽ ዕቃዎች ደግሞ በራሴ ድረ ገጽ በቁርጥ ዋጋ ይሸጣሉ። በሳምንት ወደ 40 የሚጠጋ ጨረታ ይከፈታል፤ ሁሉም በእጅ ነው። አንዱን ዕቃ ፎቶ አንስቶ፣ ርዕስና ማብራሪያ ጽፎ፣ ክብደትና የመላኪያ ዋጋ ሞልቶ ለመለጠፍ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መዝገቡ አንድ የኤክሴል ፋይል ነው።

የጨረታ ማስተዳደሪያ አገልግሎት ልጀምር እያሰብኩ ነው። በዚህ መጠን ያዋጣል? ከወርሃዊ፣ በተለጠፈ ዕቃ ቁጥርና በመቶኛ ከሚያስከፍሉት የትኛው ይሻላል? ከኤክሴል ሲዛወር ምን ይበላሻል? አንድ ዕቃ ሁለት ቦታ እንዳይሸጥስ እንዴት ይጠበቃል? የመነሻ ዋጋውን ነገርም የምታውቁ ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል።

ሒሳብ_ፊት

መጀመሪያ በስሙ እንግባባ፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አሉ። አንዱ ሶፍትዌር ነው፤ ዕቃው እጅዎ ላይ ይቆያል፣ ሒሳቡም የእርስዎ ነው፣ እሱ መለጠፍን፣ ሰዓት መያዝን፣ ስቶክ (በእጅ ያለውን የዕቃ ብዛት) ማናበብንና ከሽያጭ በኋላ ያለውን ወረቀት ያቀልላል። ሁለተኛው ዕቃዎን ተረክቦ በራሱ ስም የሚሸጥና ከዋጋው ኮሚሽን የሚቆርጥ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። ውል ሲያነቡ «ዕቃው ሲደርሰን» የሚል ሐረግ ካገኙ ሌላኛው ቤት ገብተዋል ማለት ነው።

ክፍያውን በራስዎ ቁጥር ያስሉት። በሳምንት 40 ማለት በወር በግምት 170 ጨረታ ነው። ከዚያ 120 ተሸጠ፣ አማካይ ዋጋውም 80 ነው እንበል። የገንዘቡ ዓይነት ለውጥ አያመጣም። የወሩ ሽያጭ 9,600 ይሆናል። 2 በመቶ የሚወስድ አገልግሎት 192 ይቆርጣል፤ ይህም የጨረታው ድረ ገጽ ራሱ ከሚወስደው ኮሚሽን በላይ የሚጨመር ነው። ለአንድ ልጥፍ 0.30 የሚያስከፍል ደግሞ 170 ሲባዛ በ0.30፣ ማለትም 51 ይጠይቃል፤ ያልተሸጡት 50 ዕቃዎች እንደገና ሲለጠፉ እንደ አዲስ ስለሚቆጠሩ 66 ይደርሳል። ወርሃዊው 60 ቢሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ። ስለዚህ አማካይ ዋጋው ከፍ ያለ ሻጭ ከመቶኛ ይራቅ። ወርሃዊው የሚጠቅመው በየወሩ የሚለጥፈው መጠን ብዙም ለማይዋዥቅ ነው። ሽያጩ በወቅት ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ በልጥፍ ቁጥር መክፈል ያዋጣል።

የመቶኛ ውል ካጋጠመዎት ሦስት ነገር ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ፦ መቶኛው የመላኪያ ክፍያን ጨምሮ ነው የሚሰላው? ገዢው ሳይከፍል የቀረበት ጨረታስ ይቆረጥበታል? ዕቃው ተመልሶ ገንዘብ ሲመለስ እነሱም ይመልሳሉ? ለመጨረሻው «አይመለስም» ከተባለ፣ ተመላሽ በሚበዛበት የዕቃ ዓይነት ላይ ይህ ብቻውን ውሉን ያከስራል።

ስለ ጊዜ ደግሞ ራስዎን አያታልሉ። ከ20 ደቂቃው ውስጥ ፎቶ ማንሳትና የሌንሱን ሁኔታ መመርመር የትም አይሄድም። የሚቆጠበው መተየቡ፣ መላኪያ መሙላቱና ሰዓት መጠበቁ ነው፤ በአንድ ዕቃ 8 ደቂቃ ብንል በወር ወደ 22 ሰዓት ከግማሽ ይመጣል። ከሽያጭ በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለትም ደረሰኝ፣ የአድራሻ ወረቀትና የመከታተያ ቁጥር መላክ፣ በእኔ ግምት ከዚህ የበለጠ ይቆጥባል፤ ምክንያቱም ስህተቱ የሚበዛው እዚያ ነው። የ22 ሰዓት ዋጋ ከ60 በላይ ከሆነ ያዋጣል። በሳምንት ከ10 በታች ለሚለጥፍ ሰው ግን የጨረታው ድረ ገጽ ራሱ በነጻ የሚሰጠው የሻጭ ማስተዳደሪያ ገጽ ይበቃል።

መዝገብ_ቤት

ዝውውሩን እኔ ልውሰደው። ወንድሜ፣ የሚበላሸው አገልግሎቱ ውስጥ ሳይሆን ኤክሴሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ፋይሉን አጽዳ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መለያ ኮድ ስጠው። ሁለት ፊደልና አራት አሃዝ በቂ ነው። ኮዱ ዕቃው ላይ በወረቀት ተለጥፎ፣ መደርደሪያው ላይ ተጽፎ፣ በፎቶዎቹ የፋይል ስም መጀመሪያ ላይም መግባት አለበት፤ ቀጥሎ ሰረዝና የፎቶው ተራ ቁጥር። አገልግሎቱ ፎቶን ከዕቃ ጋር የሚያጣምረው በዚህ ስም ነው።

ኮድ ስትመርጥ ኤክሴል የሚያበላሻቸውን ሽሽ። ከዜሮ የሚጀምር ኮድ ዜሮው ይቆረጣል፤ 0147 የነበረው 147 ይሆናል። 3-12 የሚል ኮድ ወደ ቀን ይለወጣል። በሁለት ቁጥሮች መካከል «ኢ» (E) የሚለው የላቲን ፊደል ካለ ኤክሴል እንደ ሒሳብ ቁጥር ያነበውና ዜሮዎች ይደረድርበታል። ኢቤይ ለእያንዳንዱ ልጥፍ የሚሰጠው 12 አሃዝ ቁጥርም እንዲሁ አጥሮ ይታያል፤ በዚያው መልኩ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለያዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሆኖ ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ጠፍተዋል፣ መመለሻ የለውም። መከላከያው ቀላል ነው፦ መረጃው ከመግባቱ በፊት ዓምዱን «ጽሑፍ» አድርገው። ከገባ በኋላ ብትቀይረው አይጠቅምም።

ፋይሉን ስታስቀምጥ ተራውን ሲኤስቪ ሳይሆን «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጥ። አለዚያ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻህ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይገባል። ማብራሪያ ውስጥ ኮማ ካለ ጽሑፉ በትምህርተ ጥቅስ ይታጠር፤ ካልታጠረ ከኮማው በኋላ ያለው ወደ ቀጣዩ ዓምድ ይሻገርና ክብደት መሆን የነበረበት ቦታ ላይ «መስታወቱ ጭረት የለውም» የሚል ታገኛለህ።

ከዚያ 5 ዕቃ ብቻ አስገባ። 40ውን አይደለም። አምስቱ የተለያዩ ይሁኑ፦ አንድ ቀላል፣ አንድ ከባድ፣ አንድ ረጅም ርዕስ ያለው፣ አንድ ብዙ ፎቶ ያለው፣ አንድ በብዛት ያለ። ኢቤይ ላይ ርዕስ ከ80 ፊደል ካለፈ አይቀበልም፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር ግን ምንም ሳይናገር ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የጻፍከው የሌንሱ መግጠሚያ (ከካሜራው ጋር የሚያያዝበት ክፍል) ዓይነት ነው። ፈላጊ የሚፈልገው በእሱ ስለሆነ መግጠሚያውን ከርዕሱ መሃል ወደፊት አምጣው። ፎቶ በረጅሙ ጎኑ ቢያንስ 500 ፒክስል ይጠየቃል፤ 1,600 ብታደርገው ገዢው አጉልቶ ማየት ይችላል፣ ለሌንስ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው ብዬ ነው የማስበው።

ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የማብራሪያ ገጽ ቅርጽ) ሲመርጡ ብዙዎች በጌጡ ይማረካሉ። ኢቤይ ከ2017 ጀምሮ በማብራሪያ ውስጥ ጃቫስክሪፕትን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ኮድ አይፈቅድም፤ የድሮ ቴምፕሌት ይዘው የሚመጡ አገልግሎቶች ላይ ልጥፉ ይታገዳል ወይም ግማሹ ሳይታይ ይቀራል። ነጭ ገጽ፣ አጭር አንቀጽ፣ በስልክ የሚነበብ። በቃ።

እንዳይረሳ፦ ማብራሪያው ውስጥ የሚገቡት ፎቶዎች የሚቀመጡት የት ነው? በአገልግሎቱ ሰርቨር ላይ ከሆነ ክፍያ ያቆምክ ዕለት በክፍት ጨረታዎችህ ላይ የተሰበረ የፎቶ ምልክት ብቻ ይቀራል። ፎቶዎቹ በቀጥታ ወደ ጨረታው ድረ ገጽ የሚጫኑበትን መንገድ ምረጥ፤ ኦሪጅናሎቹንም በራስህ ዲስክ ላይ በኮዳቸው ያዝ።

ስቶክ_ጠባቂ

አንድ ዕቃ ሁለት ቦታ መሸጥ ላይ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ሻጭን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ይሄ ነው።

በቁርጥ ዋጋ ሽያጭ ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ሰው ገዛ፣ ቁጥሩ ቀነሰ፣ ሌላ ቦታ ያለው ተዘጋ። ጨረታ ግን እንደዚያ አይሠራም። የመጀመሪያው ተጫራች ዋጋ ከሰጠበት ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው የተያዘ ነው፤ ሽያጩ ግን ገና ስላልተዘጋ የአብዛኛው ሶፍትዌር ስቶክ አይቀንስም። ሰባት ቀን ሙሉ ዕቃው በጨረታ ተይዞ፣ በሌላው ገጽ ላይ «1 አለ» እያለ ይታያል። በዚህ መሃል አንዱ በቁርጥ ዋጋ ከገዛው ተጫራቾች ያሉበትን ጨረታ መሰረዝ ይመጣል፤ ኢቤይ ላይ ደግሞ ዋጋ የተሰጠበት ጨረታ ከ12 ሰዓት በታች ሲቀረው ለመዝጋት ያለዎት አማራጭ በጣም ጠባብ ነው።

ስለዚህ በቅንብሩ ውስጥ ስቶክ «ሲሸጥ» ሳይሆን «ሲለጠፍ» የሚቀንስበትን አማራጭ ይፈልጉ። ስሙ ከአገልግሎት አገልግሎት ይለያያል፤ ከሌለ ግን ያ አገልግሎት ለጨረታ ሻጭ አልተሠራም፣ ይለፉት። አንድ ብቻ የሆነ ዕቃ በጨረታ ላይ እያለ ሌላ የትም አይለጠፍ። በብዛት ያለውን ደግሞ ከፋፍለው ይመድቡ፦ 6 አንድ ዓይነት ፊልተር ካለ 2 ለጨረታ፣ 3 ለድረ ገጽዎ፣ 1 ከሁሉም ውጭ። ያቺ አንዷ ስህተት ሲፈጠር የምታወጣዎት ናት።

«በቅጽበት ይናበባል» የሚለውን ማስታወቂያ በቀላሉ አይመኑ። ብዙዎቹ የሚናበቡት በየተወሰነ ደቂቃ ነው፤ 15 ደቂቃ ከሆነ በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሰው መግዛት ይችላል። እንዲህ ይፈትኑት፦ በሁለቱም ቦታ አንድ ርካሽ ዕቃ ብዛቱን 2 አድርገው ይለጥፉ፣ በአንዱ ብዛቱን በእጅ ወደ 1 ይቀንሱ፣ ሌላው ላይ እስኪቀየር በሰዓት ይለኩ። ቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይድገሙት።

በራሱ ጊዜ መልሶ የሚለጥፈውን ክፍል መጀመሪያ ላይ አጥፍተው ይጀምሩ። ችግሩ እንዲህ ይመጣል፦ ገዢው አልከፈለም፣ ሶፍትዌሩ «አልተሸጠም» ብሎ መልሶ ለጠፈው፣ በማግሥቱ የመጀመሪያው ገዢ ከፈለ። አንድ ሌንስ፣ ሁለት ባለመብት። ሲያበሩት ሁለት ገደብ ያድርጉበት፤ መልሶ የሚለጥፈው ሽያጩ በይፋ ከተሰረዘ በኋላ ብቻ ይሁን፣ ከሁለት ጊዜ በላይም አይድገም። ሁለት ጊዜ ያልተሸጠ ዕቃ ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው ርዕስና በዚያው ፎቶ አይሸጥም፤ ወደ ቁርጥ ዋጋ ያዛውሩት።

በመጨረሻ ማንም የማይነግርዎት፦ አገልግሎቱ ከኢቤይ ጋር የሚገናኝበት ፈቃድ ዘላለማዊ አይደለም፤ 18 ወር ሲሞላው ይቃጠላል። የይለፍ ቃል ሲቀይሩም ይሰረዛል። ያኔ ምንም አይጮህም። ክፍት ጨረታዎች ይቀጥላሉ፣ ይሸጣሉም፤ ሶፍትዌሩ ግን ስለማይሰማ ስቶኩ አይቀንስም፣ ለቀጣዩ ሳምንት የያዙት ጨረታም አይከፈትም። ፈቃድ የሰጡበትን ቀን መዝግበው በ17ኛው ወር ያድሱ፤ የይለፍ ቃል የቀየሩ ዕለት ደግሞ ወዲያውኑ።

መዶሻ

ዋጋን በተመለከተ የቀደሙት አልነኩትም። መነሻ ዋጋን ለሶፍትዌር መተው አልመክርም፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጨረታው ዋጋ የሚያወጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

ተጫራቹ የሚያስገባው ጣሪያውን ነው፤ ሥርዓቱ እሱን ወክሎ የሚጨምረው ሌላውን ለማለፍ የሚበቃውን ብቻ ነው። አንዱ ጣሪያው 140፣ ሌላው 95 ቢሆን፣ እርከኑም (በአንድ ጊዜ የሚጨመረው ትንሹ መጠን) 1 ከሆነ ዕቃው በ96 ይሸጣል። 140 የትም አይታይም። ዋጋውን የሚያወጣው ሁለተኛው ተጫራች ነው። አሸናፊው የሁለተኛውን ዋጋ የሚከፍልበትን ጨረታ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በጽሑፍ ተንትኖታል፤ በ1996 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ለሻጭ ትርጉሙ ቀጥተኛ ነው፦ ተጫራቹ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ጣሪያው ምንም ያህል ቢሆን፣ ዕቃው በመነሻ ዋጋው ይሄዳል። በ1 ከከፈትከው በ1 ይሄዳል።

ስለዚህ ዝቅ ብሎ መጀመር የሚያዋጣው ቢያንስ ሁለት ብርቱ ፈላጊ እንደሚመጣ ማስረጃ ሲኖር ነው። ማስረጃው ደግሞ ሌሎች የጠየቁት ዋጋ ሳይሆን የተዘጉና የተሸጡ ጨረታዎች ናቸው። በድረ ገጹ ማጣሪያ «የተሸጡ» የሚለውን መርጠህ ያንኑ ሞዴል ፈልግ፤ ስንት ተጫራች እንደነበረ እይ። ታዋቂ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ በተደጋጋሚ ብዙ ተጫራች ካለ ዝቅ ብለህ ጀምር። እምብዛም የማይፈለግ መግጠሚያ ያለው ሌንስ ላይ ግን መነሻው፣ በዚያ ቢሄድ የማትቆጭበት ዋጋ ይሁን። የተደበቀ ዝቅተኛ ዋጋ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስጠይቅ ይችላል፣ «ዝቅተኛው ዋጋ አልተደረሰም» የሚለው ጽሑፍም ተጫራቹን ያሸሸዋል። ግልጽ መነሻ ዋጋ ይሻላል።

ዋጋ ለማስወጣት ወዳጅ ወይም ሁለተኛ አካውንት ማጫረት ክልክል ነው፤ ከመታገድም አልፎ በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል። አንዳንድ አገልግሎት ለብዙ አካውንት በአንድ መግቢያ ስለሚሠራ፣ ሁለት የራስህ አካውንቶች ሳይታሰብ በአንድ ዕቃ ላይ እንዳይገናኙ ተጠንቀቅ።

የመዝጊያ ሰዓት ላይ ሶፍትዌሩ በእውነት ይጠቅማል። ኢቤይ ላይ ጨረታ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ወይም 10 ቀን ይቆያል። ሐሙስ ምሽት የተከፈተ የ10 ቀን ጨረታ ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ አግኝቶ እሑድ ምሽት ይዘጋል። ምሽት ሲባል የአብዛኞቹ ገዢዎችህ ምሽት ማለት ነው እንጂ የአንተ አይደለም። የአገልግሎቱ ሰዓትና የድረ ገጹ ሰዓት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ አንዱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት)፣ ሌላው በዋና መሥሪያ ቤቱ ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ በሚቀያየርባቸው አገሮች ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ መዝጊያህ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። 40ውን በአንድ ደቂቃ አትዝጋ። በ3 ደቂቃ ልዩነት ደርድራቸው፤ ተመሳሳይ ሌንሶችን አጠገብ ለአጠገብ። በመጀመሪያው የተሸነፈው ተጫራች ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ጊዜ ያገኛል፣ በመጨረሻዋ ሴኮንድ ዋጋ የሚሰጡትም አንዱ ላይ ብቻ አይተኩሩም።

ካሜራው_ሰው

በጣም አመሰግናለሁ፤ ኤክሴሉን ከፍቼ ሳይ የልጥፍ ቁጥሮቹ በሙሉ አጥረው ተቀምጠዋል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አገልግሎቱ ሲመዘገቡ የኢቤይ የይለፍ ቃል እንዲሞላለት ቢጠይቅ መስጠት ይቻላል? ገዢው ሳይከፍል ሲቀር ለቀጣዩ ተጫራች ወዲያው እንዲቀርብለት የሚያደርገው አውቶማቲክ አማራጭስ ይበራ?

ስቶክ_ጠባቂ

የይለፍ ቃል አይስጡ። ትክክለኛው አሠራር አገልግሎቱ ወደ ኢቤይ የራሱ መግቢያ ገጽ ወስዶዎት፣ እዚያ ገብተው «ፈቅጃለሁ» ብለው የሚመለሱበት ነው። ከመፍቀድዎ በፊት የአድራሻውን መስመር ያንብቡ። እንዲህ የተሰጠ ፈቃድ የይለፍ ቃሉን ሳይነኩ ከኢቤይ አካውንትዎ ቅንብር ላይ መሰረዝ ይቻላል። ከአገልግሎቱ ሲለቁም ክፍያውን ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ፈቃዱንም እዚያው ገብተው ያንሱት፣ አለዚያ ቀድሞ የያዙት መርሐ ግብር ልጥፍ መክፈቱን ሊቀጥል ይችላል።

አውቶማቲኩን አሁን አያብሩት። ኢቤይ ላይ ገዢው 4 ቀን ካልከፈለ ሽያጩን «ገዢው አልከፈለም» በሚል መሰረዝ ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ስረዛው፣ ቀጥሎ ስቶኩ ወደ 1 መመለሱን ማየት፣ ከዚያ ለቀጣዩ ተጫራች «ሁለተኛ ዕድል» መላክ። ለመላክ ጨረታው ከተዘጋ በኋላ እስከ 60 ቀን ጊዜ አለ፤ ዋጋውም ያ ተጫራች ራሱ የሰጠው ከፍተኛ ዋጋ ነው። ስረዛው ሳይፈጸም ከተላከና ሁለቱም ከከፈሉ፣ ከላይ ያልነው ሁለት ባለመብት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

መዶሻ

በዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ሁለተኛ ዕድል ከመላክህ በፊት የተጫራቾቹን ዝርዝር እይ። ያልከፈለው ሰው ዋጋውን ብቻውን ሰቅሎት ከነበረና ሁለተኛው ከሦስተኛው ብዙም ካልራቀ ዋጋው ትክክለኛ ነው፤ ላክ። ሁለተኛውም የተሰቀለው ከዚያው ሰው ጋር ሲገፋፋ ከሆነ ግን በዚያ ዋጋ የመቀበል ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ቀን ከምታቃጥል መልሰህ ለጥፈው፣ ያልከፈለውንም ሰው ከተጫራችነት አግደው።